ዲናሪየስ አይደለም፤ ሎሚውንም ያርቁት

ጥያቄው፦ «ወርዱ 22 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 3.70 ግራም የሆነ የሮማ ሳንቲም "የብር ዲናሪየስ ነው" ተብዬ ገዛሁ። ንጉሡ የደፋው አክሊል ሹል ሹል ጨረር አለው። ከስሙ የሚነበበው "ኦ ቢ ቪ ኤስ" ብቻ ነው፤ ከጀርባው ግርጌ ደግሞ "ኤክስ ኤክስ አይ" ይላል። በሎሚ ሳጥበው አፍንጫውና ጉንጩ ቀላ። ተጭበርብሬ ይሆን?»

ሳንቲሙ ሐሰተኛ አይመስለኝም፤ ሐሰቱ ስሙ ላይ ነው። ጨረራማው አክሊል ከዲናሪየስ በኋላ የመጣው የአንቶኒኒያኑስ የተባለው የሮማ ሳንቲም ምልክት ነው፤ ዲናሪየስ ላይ ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ የቅጠል ጉንጉን ነው የሚደፉት። ግርጌው ላይ ያለው «ኤክስ ኤክስ አይ»፣ ማለትም በሮማውያን አጻጻፍ 21 ቁጥር፣ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ኦሬሊያን እ.ኤ.አ. በ274 አካባቢ ገንዘቡን ካሻሻለ በኋላ የመጣ ነው። ጽሑፉን ከግራ ታች ጀምረው በሰዓት አቅጣጫ ይከተሉት፤ «ቪ» እንደ «ኡ» ይነበባል። ግምቴ ፕሮቡስ ነው፣ ከ276 እስከ 282 የነገሠው። መብራቱን ከጎን አብርተው በ10 እጥፍ ማጉያ ከ«ኦ»ው በፊት «ፒ» እና «አር» ይፈልጉ።

መቅላቱ አያስደንቅም። 21 ማለት በብዙዎች አረዳድ 20 እጅ መዳብ ለ1 እጅ ብር ነው። ነጩ ነገር ላዩ ላይ የተለበጠ እጅግ ስስ የብር ቆዳ ነው። ሎሚ ብሩን አይበላም፤ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አሲዱ በቆዳው ቀዳዳዎች ሾልኮ ከሥሩ ያለውን የመዳብ ዝገት ያሟሟል፤ ቆዳው የሚይዘው ሲያጣ እየተላጠ ከእጥበቱ ጋር ይሄዳል። የሄደው አይመለስም። ስለዚህ ሎሚም ኮምጣጤም አይንካው።

ለማረጋገጥ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ ታቹንና ጎኑን ሳያስነኩ ያጥልቁት። ሚዛኑ 0.42 ግራም አካባቢ ካነበበ መዳብ የበዛበት ነው፤ 0.35 ካለ ጥሩ ብር። እስከ 0.01 ግራም የማይለካ ርካሽ የኪስ ሚዛን ለዚህ ዋጋ የለውም። አንዳንዶች «ልቡን ልየው» ብለው ጠርዙን በሞረድ ይበሉታል፤ ይህ ምርመራ ሳይሆን ማበላሸት ነው።

አሁን በዲስትልድ ውሃ አንድ ቀን ይዘፍዝፉት፣ ውሃውን ሁለት ሦስቴ ይቀይሩ፣ ከዚያ በደንብ ያድርቁት። በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍጉ፤ ደግሜ እላለሁ፣ አሲድ የለም። ሲያስቀምጡትም ለስላሳ የፒቪሲ ኪስ ውስጥ አይክተቱት፤ ያ ርካሽ ፕላስቲክ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ልጋግ ያወጣበታል። ደረቅ ቦታ ላይ ቆይቶም እንደ ዱቄት የሚበንን ፈዛዛ አረንጓዴ ነጥብ ካበቀለ፣ ከሌሎቹ ሳንቲሞች ለይተው ወደ ቅርስ ጥገና ባለሙያ ይውሰዱት።