«ዳርክ ብሉ» ላይ ጫናው የቱ ጋ ነው ላልሽው

ኮምቦልቻ ለልብስ ስፌት ሠልጣኞች የቀለም ስም በእንግሊዝኛ እያስተማርሽ፣ «ዳርክ ብሉ» ሲባል ጫናው (በእንግሊዝኛ «ስትረስ»፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማጉላት) የትኛው ቃል ላይ ያርፋል ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ አብሽሪ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ደሴ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚዞረው ማስታወሻ «ሁልጊዜ የመጀመሪያው ላይ» ይላል። ስህተት ነው፤ ስንቱን ተማሪ አበላሸ!

1. ጫናው ቦታ ይቀይራል። ቀለሙ መጨረሻ ላይ ሲመጣ፣ «ዘ ሸርት ኢዝ ዳርክ ብሉ»፣ ዋናው ጫና «ብሉ» ላይ ነው። ከስም ፊት ሲገባ፣ «ኤ ዳርክ ብሉ ሸርት»፣ «ዳርክ» ከፍ፣ «ብሉ» ዝቅ፣ «ሸርት» መልሶ ከፍ ይላል። «ብሉ» እና «ሸርት» ጎን ለጎን ሁለቱም ከጠነከሩ ምቱ ስለሚጋጭ ነው። «ኔቪ ብሉ»ም «ስኖው ዋይት»ም እንዲሁ። «ከለር ብላይንድ» ግን የትም ቢገባ «ከለር» ላይ ነው፤ ከነዚህ ጋር አትደባልቂው። ማስታወሻው ከጥምር ስም ጋር አምታቶት ይመስለኛል፦ የአሜሪካው ቤተ መንግሥት ሲሆን «ዋይት ሃውስ» ጫናው «ዋይት» ላይ ነው፤ ነጭ የተቀባ ማንኛውም ቤት ሲሆን «ሃውስ» ላይ።

2. ክፍለ ቃሉን፣ ባንድ ምት የሚወጣውን የቃል ቁራጭ፣ ቁጠሪ። ሰዋስዋችን ይህንንም «ቀለም» ስለሚለው ለሠልጣኞቹ «ክፍለ ቃል» በያቸው። ትልቁ ኪሳራ እዚህ ነው። «ስካይ ብሉ» ሁለት ብቻ ነው፤ የኛ አፍ «እስ-ካይ-ብ-ሉ» ብሎ አራት ያደርገዋል። ፊደላችንም አያግዝም፤ «ብ» አናባቢ ይኑራት አይኑራት አያሳይም። አራት ከሆነ በኋላ ጫናውን በትክክል ብታሳርፊውም ሰሚው ምቱን አያገኘውም። መፍትሔው አፍ ላይ ነው። «ስ»ን እንደ እባብ አስረዝመው፣ ሳያቋርጡ «ካይ» ውስጥ ይግቡ። ለ«ብሉ» ከንፈር እንደተገጠመ ምላስ አስቀድሞ የ«ል» ቦታውን፣ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ይያዝ፤ ከዚያ ከንፈር ይከፈት። መሃል ላይ «እ» መግቢያ አያገኝም። «ግሪን» እና «ብራውን»ም አንድ አንድ ናቸው። «ፐርፕል» ሁለት ነው፣ ሁለተኛው «ፕል» ሲሆን «ል» የአናባቢውን ቦታ ይይዛል። «ኦሬንጅ»ም ሁለት፣ ጫናው «ኦ» ላይ።

ደግሞ ጫና ማጥበቅ አይደለም። «ገና» ጠብቆና ላልቶ ትርጉሙ ሲለወጥ ለለመደ ሰው «ጫን በል» ስትዪው ተነባቢውን ያጠብቃል። የእንግሊዝኛው አናባቢው ላይ ነው፦ ከፍ፣ ረዘም። የስፌት ላስቲክ እጃችሁ ላይ ስላለ እሱን አስይዣቸው፤ ጫናው ሲደርስ ይለጥጡት። «ኤ ዳርክ ብሉ ሸርት» ሲሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ይለጠጥ፣ «ዳርክ» ላይና «ሸርት» ላይ። «ብሉ» ላይ ከተለጠጠ ከመጀመሪያው ይድገሙት።