ቢጫው ጨርቅ ለምን አንዴ ይወረወራል፣ አንዴ ኪስ ውስጥ ይቀራል? ስለ ኤንኤፍኤል የመስመር ተጫዋቾች ቅጣት ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ ፉትቦልንና ትልቁን ሊጉን ኤንኤፍኤልን የምትከታተሉ አንባቢዎች ስለ ኦፌንሲቭ ላይን፣ ማለትም ከኳርተርባኩ (ኳሱን ከሚያቀብለው መሪ ተጫዋች) ፊት ቆመው ስለሚከልሉት አምስት ግዙፍ አጋጆች፣ የጠየቃችሁትን ሰብስቤ መልሻለሁ። በሜሪላንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ጨዋታ ስለምዳኝ «ለዳኞች ያደላል» የሚል ካለ አልከራከረውም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ተንታኞች «ሆልዲንግ (ተጋጣሚን ይዞ ማስቀረት) ኳሷ በተነሳች ቁጥር አለ» ይላሉ። እውነት ከሆነ ዳኛው በምን መርጦ ነው የሚቀጣው?

መልስ፦ አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። የተጨበጠ ማልያ መቼም አይጠፋም። ደንቡ የሚቀጣው ግን እጅ ማሳረፍን ሳይሆን ተጋጣሚን በእጅ ወይም በክንድ ይዞ እንቅስቃሴውን በሚታይ መጠን መግታትን ነው። የአጋጁ እጆች በተከላካዩ ደረት ላይ፣ ከትከሻው ስፋት ሳይወጡ ካረፉ ማልያውን ቢጨብጥም ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ተከላካዩ ትከሻውን አዙሮ ሊያልፍ ሲል አጋጁ ካልለቀቀው፣ ማልያው ሲለጠጥ ወይም ሰውየው ወደ ኋላ ሲሳብ ከታየ፣ ያኔ ጨርቁ ይወጣል።

ተመልካችን በጣም የሚያናድደው ሌላ ነው። ተከላካዩ ክንዱን ከታች ወደ ላይ፣ በአጋጁ ብብት ስር አስገብቶ ሰንጥቆ ለማለፍ ሲሞክር የአጋጁ ክንድ ወደ ተከላካዩ አንገት ይወጣና ይጠመጠማል። በቴሌቪዥን ሲታይ ማነቅ ይመስላል። ነገር ግን ያንን ሁኔታ የፈጠረው ተከላካዩ ራሱ ስለሆነ፣ አጋጁ ከእግሩ ነቅሎ ካልጣለው በስተቀር ደንቡ ጥፋት አይለውም። እሁድ እሁድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ዳኛ የምንሰድብበት አብዛኛው ነገር ይኸው ነው። ሌላም አለ፦ ኳስ ያዡ በቀኝ በኩል እየሮጠ ሳለ በግራ ዳር የተፈጸመ መያዝ ጨዋታውን ካልነካው ዳኞች ዓይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ እንዲህ እንዲዳኙ ነው የሚሠለጥኑት።

ጥያቄ (ከባልቲሞር)፦ በ2024 የመክፈቻ ጨዋታ ከካንሳስ ሲቲ ጋር ስንጫወት አጋጃችን ሮኒ ስታንሊ ሦስት ጊዜ በሕገ ወጥ አሰላለፍ ተቀጣብን። ከዓመት በፊት በዚያው ሜዳ፣ በዚያው የመክፈቻ ምሽት የካንሳስ ሲቲው ጃዋን ቴይለር ወደ ኋላ ርቆ ሲቆም ዝም ተብሎ ነበር። ይህ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ ቅሬታዎ መሠረት አለው፤ ሆኖም ሁለቱን ምሽቶች የሚያገናኝ አንድ ታሪክ አለ።

ደንቡ ቀላል ነው። ቢያንስ ሰባት ተጫዋቾች መስመሩ ላይ መቆም አለባቸው። አንድ የመስመር ተጫዋች «መስመሩ ላይ ነው» የሚባለው የራስ ቁሩ በሴንተሩ (ኳሷን አንስቶ ወደ ኋላ በሚሰጠው የመሐል አጋጅ) ቀበቶ ላይ የሚያልፈውን ሐሳባዊ መስመር ሲያቋርጥ ነው። ዳር ላይ የሚቆመው ታክል ግን ፈጣን ተከላካይ ሊዞረው እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ወደ ኋላ መሸሽን ይወዳል። ግማሽ እርምጃ አስቀድሞ ካፈገፈገ ያ ግማሽ እርምጃ ኳርተርባኩን ያድናል።

መስከረም 7 ቀን 2023 ዲትሮይት ካንሳስ ሲቲን 21 ለ 20 ሲረታ ቴይለር ለብዙው ጨዋታ ወደ ኋላ ርቆ ይቆም፣ ኳሷም ሳትነሳ የተንቀሳቀሰ ይመስል ነበር። የቴሌቪዥኑ ተንታኝ ክሪስ ኮሊንስወርዝ ደጋግሞ አነሳው፤ አገር ሁሉ አየው። ከአሥር ቀን በኋላ ጃክሰንቪል ላይ፣ በቀድሞ ክለቡ ሜዳ፣ ያው ሰው አምስት ጊዜ ተቀጣ፤ አሠልጣኞቹም ለጥቂት ጊዜ ከሜዳ አስወጡት። በእነዚያ አሥር ቀናት ደንቡ ላይ አንዲት ፊደል አልተቀየረም። የተቀየረው የዳኞች ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ነው።

በ2024 ደግሞ ሊጉ አሰላለፍን ልዩ ትኩረት የሚደረግበት ጉዳይ አደረገው፤ ስታንሊም የመጀመሪያው ሰለባ ሆነ። ከጨዋታው በኋላ እርሱን መቀጣጫ ለማድረግ የፈለጉ እንደመሰለው ተናግሯል። እኔ ቅጣቶቹ በደንቡ ፊት ስህተት ነበሩ አልልም። ቅር የሚለኝ ልማዱ በአንድ ሌሊት መገልበጡ ነው። ቀደም ሲል የመስመር ዳኛው «ትንሽ ወደ ፊት» ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ተጫዋቹም ያስተካክላል። ነገሩን ይበልጥ የሚያስተዛዝበው ግን የጨዋታው ፍጻሜ ነው። የባልቲሞሩ ኢዛያ ላይክሊ በመጨረሻዋ ቅጽበት የያዘው ኳስ የጫማው ጫፍ ከሜዳ ውጭ በመንካቱ በካሜራ ታይቶ ተሻረ፤ ጨዋታውም በካንሳስ ሲቲ 27 ለ 20 አሸናፊነት አለቀ። የጫማ ጫፍ በካሜራ ሲለካ የስታንሊ የራስ ቁር በዓይን ግምት ብቻ ተለካ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኛ ኦፍሳይድ በቪኤአር ሲለካ ለምደናል። ታዲያ እዚያ ካሜራው ለምን አይፈርድም?

መልስ፦ አሰላለፍን ሊፈርድ ይችላል፣ ቢፈርድም ደስ ይለኛል። ኳሷ ሳትነሳ ሁሉም ቆሟል፤ መለኪያውም ቀበቶና የራስ ቁር ነው። ሆልዲንግ ግን ሌላ ነው፤ አሠልጣኝ ቀይ ጨርቅ ወርውሮ ሊቃወመው አይችልም፣ እንዲችል የተደረገ ዕለትም ጨዋታው ሌሊቱን ሙሉ አያልቅም። ሊጉ ይህን ትምህርት በሌላ ቅጣት ላይ ቀምሶታል። ጥር 2019 ኒው ኦርሊንስ ከሎስ አንጀለስ ራምስ ባደረጉት የማጣሪያ ፍጻሜ ግልጽ የሆነ የቅብብል ማደናቀፍ ሳይቀጣ አለፈ፤ አገር ተንጫጫ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ማደናቀፍ በካሜራ እንዲታይ ተፈቀደ። የትኛው ውሳኔ እንደሚሻር፣ የትኛው እንደሚጸና የሚያውቅ ጠፋና ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ተተወ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ጋሼ፣ በ2019 አጋጃችን ጋሬት ቦልስ በየሳምንቱ ሲቀጣ ነበር፤ በ2020 ምርጥ ተብሎ ትልቅ ውል ፈረመ። ሰውየው ተሻሻለ ወይስ ዳኞቹ ተዉት?

መልስ፦ ሁለቱም ነው ወንድሜ፤ የኋለኛው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በየዓመቱ የውድድር ኮሚቴው «ዘንድሮ በዚህ ላይ አተኩሩ» የሚል መመሪያ ለዳኞች ያወጣል። በ2019 ትኩረቱ ከኳሱ ራቅ ብሎ በኋለኛው በኩል የሚፈጸም ሆልዲንግ ላይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢጫ ጨርቅ ሜዳውን ሞላው። ቦልስ በሁለተኛው ሳምንት ከቺካጎ ጋር ሲጫወት አራት ጊዜ ተጠራበት። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቴነሲና ጃክሰንቪል ሲጫወቱ ዝነኛው ኳርተርባክ ቶም ብሬዲ ሳይቀር ቅጣቱ በዛ፣ እንጫወትበት ብሎ በይፋ ጻፈ። ሊጉ ወዲያውኑ ዋና ዳኞቹን በስልክ ሰብስቦ አነጋገረ፤ የጨርቁ ዝናብም ቀነሰ። በ2020 ደግሞ ግልጽ ያልሆነውን ሆልዲንግ ተዉት ተባለና የቅጣቱ ቁጥር በእጅጉ ወረደ።

አገር ቤት የትራፊክ ፖሊስ የቀበቶ ዘመቻ ሲጀምር እንዴት እንደሆነ ታስታውሳለህ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተያዘው ቅጣቱን ይከፍላል፣ በወሩ ሁሉም ይረሳዋል። ቦልስ የመጀመሪያው ሳምንት ሹፌር ነበር። እጆቹን አሻሽሏል፣ ያንን አልነፍገውም፤ ነፋሱ ግን ከኋላው ነበር።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ሰባት ዳኛ ሜዳ ላይ እያለ እንዴት አያዩትም?

መልስ፦ ሰባቱ አንድ ቦታ አይመለከቱም። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ኳስ ተቀባዮችን ይከታተላሉ። በሁለቱ ዳር መስመሩ ላይ የቆሙት ሁለቱ አሰላለፍን፣ ቀድሞ መንቀሳቀስንና የሯጩን ማረፊያ ይጠብቃሉ። ለአምስቱ አጋጆች የቅርብ ተመልካች የሚሆኑት በዋናነት ዋናው ዳኛና አምፓየሩ (አጋጆቹን በቅርብ የሚከታተለው ዳኛ) ናቸው፤ እነርሱም ኳርተርባኩን መጠበቅ አለባቸው።

እስከ 2009 አምፓየሩ ከተከላካዮቹ ጀርባ፣ ከትርምሱ መሐል ይቆም ነበር። አጋጁን ፊት ለፊት ስለሚያይ በደረት ላይ ያረፈውን እጅ ለይቶ ያውቃል። ችግሩ ተጫዋቾች በላዩ ላይ እየሮጡ ይጥሉት ነበር፤ ጉዳት በዛ። በ2010 ወደ አጥቂው ቡድን ጀርባ ተዛወረ። ደኅንነቱ ተጠበቀ፤ አሁን ግን የሚያየው በአብዛኛው የአጋጁን ጀርባ ነው። ከጀርባ ሲታይ ክንድ ወደ ውጭ መውጣቱ ይታወቃል፤ ጣቶች ማልያ መጨበጣቸው አይታወቅም። በትልቅ ሰው ጀርባ ቆማችሁ የፊቱን እጅ ለማየት ሞክሩ፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታገለው ከዚህ ጋር ነው።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ ሁሉም ነገር ለካንሳስ ሲቲ ታዝዞ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ቴይለር በ2023 ብዙ ቅጣት ከተጠራባቸው ተጫዋቾች አንዱ ነበር። የሚወደድ ቡድን ታክሉን እንዲህ አያስቀጣም።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ዳኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው የሚባለው እውነት ነው? ሲሳሳቱስ ማን ይጠይቃቸዋል?

መልስ፦ አብዛኞቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌላ ሙያ አላቸው። ሊጉ በ2017 የተወሰኑትን የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ አድርጎ ቀጥሮ ነበር፤ ከ2019 ውድድር በፊት ቀረ። ተጠያቂነት ግን አለ። እያንዳንዱ ውሳኔያቸው በቪዲዮ እየታየ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ጥሩ ነጥብ ያላቸው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ያገኛሉ። ቡድኖችም ቅር የተሰኙበትን ቅጽበት ልከው የሊጉን አስተያየት ይጠይቃሉ። መልሱ በአብዛኛው ከሕዝብ ጆሮ አይደርስም፤ አሠልጣኝ በአደባባይ ዳኛን ከወቀሰም ገንዘብ ይቀጣል። የተመልካቹን ጥርጣሬ የሚያሰፋው ይህ ዝምታ ይመስለኛል። ከፋም ለማም ማብራሪያው በየሳምንቱ በግልጽ ቢነገር ወሬው ይቀንስ ነበር።

በነገራችን ላይ ቡድኖች ሞኝ አይደሉም። በሳምንቱ የሚያጫውታቸው የዳኞች ቡድን ሆልዲንግ የሚያበዛ ይሁን የሚታገሥ አስቀድመው ያጠናሉ።

ጥያቄ (ከፊላደልፊያ)፦ ኳርተርባኩን ከኋላ ገፍተን የምናልፍበት ስልታችን ላይ ዓይን በዛ። ቅናት ነው?

መልስ፦ ቅናትም አለበት፤ በግንቦት 2025 እገዳው 22 ድምፅ አግኝቶ የወደቀው 24 ስለሚያስፈልግ ብቻ ነው። ነገር ግን ያው በመስከረም 2025 ፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲን 20 ለ 17 ስታሸንፍ አንዳንድ አጋጆች ኳሷ ሳትነሳ ወደ ፊት መውደቃቸውን ካሜራው በዝግታ አሳይቷል፤ ጨርቅም አልወጣም። ሁሉም ተጎንብሶ ራስ ለራስ ተገጣጥሞ ባለበት ያንን በዓይን መለየት እጅግ ከባድ ነው። ሊጉ ከዚያ በኋላ ዳኞቹ ጠበቅ አድርገው እንዲያዩት አሳሰበ። ተመልከቱት፤ እንደገና ያው ዑደት ነው፦ ቴሌቪዥን ያሳያል፣ ሕዝብ ይጮኻል፣ መመሪያ ይወጣል፣ የሚቀጥለው ሳምንት ተጫዋች ዕዳውን ይከፍላል።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ 10 ያርድ ለሆልዲንግ አይበዛም?

መልስ፦ ቀድሞ 15 ነበር፤ በ1974 ወደ 10 ወረደ። በ1978 ደግሞ አጋጆች ክንዳቸውን ዘርግተው በተከፈተ መዳፍ እንዲገፉ ተፈቀደ፤ ቅብብል የበዛበት የዛሬው ጨዋታ አንዱ ሥር ይህ ነው። 10 ያርድ ይብዛ አይብዛ የሚለው በውሳኔው አስተማማኝነት ይወሰናል። አንደኛ ሙከራ ላይ 20 ያርድ የቀረው ቡድን ብዙ ጊዜ ኳሱን መልሶ ይሰጣል፤ ስለዚህ በግማሽ ልብ የተወረወረ ጨርቅ ውድ ነው። እኔ ብሆን አሰላለፍን ያለ ምሕረት በካሜራ፣ ሆልዲንግን በትዕግሥት በዓይን እዳኝ ነበር።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ እናት)፦ ልጄ በትምህርት ቤቱ ቡድን አጋጅ ነው። አንድ ሳምንት አምስት ጊዜ ይቀጣል፣ ሌላ ሳምንት በዚያው አጨዋወት ምንም። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ በልጅዎ ደረጃ ደንቡም ከኤንኤፍኤል ትንሽ ይለያል፤ የዳኛ ልዩነትም ይብሳል። ሁለት ነገር ይንገሩት። አንደኛ፣ ተከላካዩ ትከሻውን ሲያዞር እጁን ይልቀቅና እግሩን ያንቀሳቅስ፤ ብዙው ቅጣት የሚመጣው እግር ሲቆምና እጅ ሲቀጥል ነው። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ጠጋ ብሎ በትሕትና «አምፓየር፣ እጄ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅ። አብዛኞቻችን እንመልሳለን። አንዳንዱ ዳኛ «ጥሩ ነህ» ይላል፣ አንዳንዱ «ክርንህን አስገባ» ይላል፤ ልጁም የዚያን ምሽት ወሰን ከቅጣት በፊት ያውቃል። ከአግዳሚ ወንበሩ እየጮሁ መጠየቁን ግን ለአሠልጣኙ ይተውለት።