ሰፌዱን አትሳዪው፣ ወስፌውን ያዢ

ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ሥዕል ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሥራችሁን ይዛችሁ ቤቴ ስትመጡ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ሚክስድ ሚዲያ (ቀለምና ሌላ ዕቃ የተቀላቀለበት ሥራ) ብላችሁ የምታመጡት ነገር እየተመሳሰለብኝ ነው። ሸራው ላይ የጆንያ ቁራጭ፣ ጥግ ላይ ጀበና፣ መሃል ላይ ዓይኗ የተለቀ ሴት፣ ዳር ዳሩን ፊደል። ምንድን ነው ስላችሁ "ባህላችን ነዋ!" ትሉኛላችሁ። ለቱሪስት ይሸጥ ይሆናል፤ የእንጀራ ጉዳይ ነውና አልፈርድባችሁም። ግን ጀበናው ቢነሳ ምን ይቀራል?

እስቲ የሥነ ጥበብ ባለሙያውን የኤልያስ ስሜን ሥራ ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1990 እዚሁ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ታዋቂ በሆነባቸው ሥራዎቹ ላይ ጀበና አታገኙም። የምታገኙት የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍ ነው። ብዙውን ከመርካቶ ነው የሚያመጣው። መርካቶን ታውቃላችሁ። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የለቃቀመው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ ይገባል። ምናለሽ ተራ የሚጣል ዕቃ የለም፤ ሁሉም ገዢ አለው።

"ታይትሮፕ" (የተወጠረ ገመድ) የሚላቸውን ተከታታይ ሥራዎች ከሩቅ ስታዩ ከአውሮፕላን ላይ የታየ ማሳ ወይም ከተማ ይመስላችኋል። ጠጋ በሉ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ገመድ ነው። እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ ረድፍ በረድፍ ተደርድሮ፣ እንጨት ላይ ተመትቷል። ቀለሙ የገመዱ የራሱ ልባስ ነው። የፈለገው ቀለም ከጠፋ በጥብጦ መቀባት የለም፤ ገመዱ እስኪገኝ መጠበቅ ነው። ከገመዱ በፊት ደግሞ በመርፌና በክር፣ በልብስ ቁልፍ ብዙ ሠርቷል። ስለ እሱ የሚጽፉ ሰዎች ቶሎ ብለው "ሪሳይክል" ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ቆሻሻ ማጽዳት ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ መጎንጎን ምን አመጣው? እኔ ባህሉ የሚታየኝ እዚያ ጋ ነው፤ በሚሰፋውና በሚጎነጉነው እጅ ላይ።

ዞማ ሙዚየምም እንደዚሁ ነው። ከአንትሮፖሎጂስቷ ከመስከረም አሰግድ ጋር ነው ያቋቋሙት፤ መካኒሳ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፈተ። እሱና መስከረም የቆዩ ሥርዓቶችን ለማጥናት በየገጠሩ ዞረዋል። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ አያቶቻችን ጭቃና ጭድ አቡክተው እንደሚሠሩት ዓይነት። ግድግዳው ላይ እጃችሁን ሳታሳርፉ (እባካችሁ!) በጎን በኩል ብርሃን ሲያርፍበት እዩት። ምርጊቱ ራሱ ቅርጽ ሆኗል። ድሮ ቤት የሚለስኑ እናቶች ይህን እጅ ያውቁታል።

ሽልማቱንና ኤግዚቢሽኑን ነው መቼም ቀድማችሁ የምትጠይቁኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሸልሞታል፤ በ2022 ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢናሌ ላይ ቀርቧል። ከተመረቀ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝና እንለፈው።

ስለዚህ አንቺ እናትሽ ስፌት የምትሰፋ ከሆነ ሰፌዱን አትሳዪው። ወስፌውን ያዢና አጠገቧ ቁጭ በይ። አክርማው እንዴት እንደሚነከር፣ መቼ እንደሚለሰልስ ጣትሽ ይወቀው። አንተ አባትህ ጋራዥ ከሆነ ደግሞ ሽማኔ ፍለጋ ምን አንከራተተህ? ላሜራ ሲቀጠቀጥ እየሰማህ አይደል ያደግኸው? መጀመሪያ የምታበላሹት ይበዛል፤ ይብዛ። ሥራው ምን ሊሆን እንደሚችል ዕቃው ራሱ እስኪነግራችሁ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ።

ደግሞ ይህን አንብባችሁ ሁላችሁም በነጋታው ገመድ ተሸክማችሁ በሬን እንዳታንኳኩ፣ አደራ። ገመዱን እሱ ወስዶታል።