መጽሐፍ መጠበቅ ወይስ ሙያ?

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት በታሪክ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት በጸሐፊነት እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ንባብ ስለምወድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «መጽሐፍ መጠበቅ ምን ሙያ አለው?» ይሉኛል፤ የሥራ ማስታወቂያዎችም የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ምሩቅ ይጠይቃሉ። ከየት ልጀምር?

ሰ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሙያ መሆኑን ፈጽሞ አይጠራጠሩ፤ ንባብ መውደድ ብቻውን እንደማይበቃ ግን ከወዲሁ ልንገርዎ። በቤተ መጻሕፍት በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ተማሪ በኮምፒዩተሩ ላይ «ፀሐይ» ብሎ የመጽሐፍ ርእስ ሲፈልግ፣ መዝጋቢው «ጸሐይ» ብሎ ጽፎት ስለነበር «የለም» የሚል መልስ አግኝቶ ሲወጣ አይቻለሁ፤ መጽሐፉ ግን ከጀርባው ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ በየጸሐፊው እጅ በሚለዋወጡበት ቋንቋ አንዱን አጻጻፍ መርጦ በወጥነት መመዝገብ፣ በሌላው ሆሄ የሚፈልገውንም አንባቢ ወደ ትክክለኛው መዝገብ መምራት የባለሙያ ሥራ ነው። የእኛ ደራሲ የሚመዘገበው በራሱ ስም እንጂ እንደ ፈረንጅ ደራሲ በአባቱ ስም ተገልብጦ አለመሆኑን፣ በዓመተ ምሕረት የታተመ መጽሐፍም ከእ.ኤ.አ. ጋር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳለው አውቆ የሚመዘግብም እሱው ነው።

ትምህርቱን በሚመለከት የአዲስ አበባና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ ያስተምራሉ፤ የመግቢያ መስፈርቱን በቀጥታ ከእነሱ ይጠይቁ። እኔ ግን ለሁለተኛ ዲግሪ ከመመዝገብዎ በፊት ሥራውን በእጅዎ እንዲሞክሩት እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ትምህርቱ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ መረጃ ሥርዓት ስለሚያደላ፣ መጽሐፍ ፍለጋ የገባ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። የታሪክ ዲግሪዎንም እንደ እንቅፋት አይቁጠሩት። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ሕዝቡ ወመዘክር የሚለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የመዛግብት ክፍልም አለው፤ ከስብስቦቹ 12ቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። አሮጌ ደብዳቤ አንብቦ ዘመኑንና ባለቤቱን መለየት የታሪክ ምሩቅ ጥንካሬ ስለሆነ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ዓይኔን የምጥለው በዚህ ዘርፍ ላይ ነው።

ለአሁኑ የትምህርት ቤትዎ ቤተ መጻሕፍት ይበቃዎታል። ርእሰ መምህሩን አነጋግረው በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲያግዙ ይጠይቁ። እውቀትን ከ000 እስከ 999 በአሥር ዐበይት መደቦች የሚከፍለውን የዲዊ ምደባ ይማሩ፤ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነውና ከሚያውቁት መደርደሪያ ይጀምሩ። ኮሃ የተባለውን ነፃ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌርም ይለማመዱበት። ሃምሳ የአማርኛ መጻሕፍትን መዝግበው ሲጨርሱ አንድ ተማሪ ያለ እርዳታ እንዲፈልጋቸው ያድርጉ፤ ያላገኛቸውን ያርሙ፤ ያንን መዝገብ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይዘው ይቅረቡ።