መልስ፦ ፎቶው ሜትሮ ሴንተር ነው? ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በየት ልቀይር?

በዋሽንግተን ሜትሮ (የከተማዋ ባቡር) የጣቢያውን ጣሪያ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ያ የማር እንጀራ የመሰለ የሲሚንቶ ቅስት የአርክቴክቱ የሃሪ ዊስ ንድፍ ነው፤ ብዙዎቹን የምድር ውስጥ ጣቢያዎች መንታ ያስመስላቸዋል። ይልቅ ቡናማውን ምሰሶ በፎቶው ላይ አጉልተው ይዩት፤ የጣቢያው ስምና የመስመሮቹ ቀለም እዚያ ይገኛል። ከዚያ ሰዎቹ የት እንደቆሙ ይመልከቱ። በእርስዎ ፎቶ መሳፈሪያው መሀል ላይ ነው፣ ሐዲዱ ግራና ቀኝ። ስለዚህ ሜትሮ ሴንተር ከሆነ ታችኛው ወለል ነው፤ የሰማያዊው፣ የብርቱካናማውና የብርማው መስመር።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወስድዎ ቀዩ መስመር ከላይ ነው፤ እዚያ ግን መሳፈሪያው ሁለት ነው፣ አንዱ ከሐዲዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ። ደረጃውን ከመውጣትዎ በፊት «ግሌንሞንት» የሚለውን ምልክት ይፈልጉ፤ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል የሚያልፈው ባቡር የመጨረሻ ጣቢያ ነው። እኔ አንድ ቀን ሕዝቡን ተከትዬ ወጣሁና ባቡሬ ከማዶ ሲሄድ ቆሜ አየሁት።