60 ኪሎዋት የተባለው ራዲያተር በእርግጥ ስንት ኪሎዋት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በውሃ የሚቀዘቅዙ አራት የቢትኮይን ማይነሮች (ቢትኮይን ለማግኘት ያለማቋረጥ የሚያሰሉ ኮምፒውተሮች) አሉኝ፤ ኤስ21 ሃይድሮ የሚባሉት ናቸው። እያንዳንዳቸው 5,360 ዋት ይበላሉ። ራዲያተር ሳፈላልግ አንድ ሰው ከከባድ መኪና የተፈታ፣ 60 ኪሎዋት የሚችል ነው ያለውን አቀረበልኝ። የአራቱ ማሽኖች ድምር 22 ኪሎዋት እንኳ አይሞላም። ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ነገር ስለሆነ ዓይኔን ጨፍኜ ልግዛው?

መልስ፦ አይጨፍኑ። ሂሳቡ ውስጥ አንድ ቁጥር ጎድሏል፤ ምናልባት ሻጩም አያውቀው ይሆናል።

የሙቀቱን መጠን በትክክል አስልተዋል። ማይነር የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ሆኖ ስለሚወጣ፣ 21.4 ኪሎዋት ያለማቋረጥ ከውሃው ወደ አየር መሄድ አለበት። ጥያቄው ያለው 60 በሚለው ላይ ነው። ራዲያተር የራሱ የሆነ ቋሚ አቅም የለውም። የሚያስወጣው ሙቀት የሚወሰነው በሚገባበት ውሃና በሚነፍስበት አየር መካከል ባለው የዲግሪ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ በግማሽ ከቀነሰ ሙቀቱም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እኔ የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን ነኝ፤ ሰው ኪሎዋት ብሎ ሲጀምርልኝ “በስንት ዲግሪ ልዩነት?” ብዬ አቋርጠዋለሁ። መልስ ከሌለው ዋጋም አልጠይቅም።

የሞተር ውሃ 95 ዲግሪ፣ አየሩ 35 ዲግሪ ነው እንበል። ልዩነቱ 60 ነው። ስለዚህ የቀረበልዎ ራዲያተር በእውነተኛ ስሙ “በአንድ ዲግሪ ልዩነት 1 ኪሎዋት” ነው። አሁን ወደ ማይነርዎ እንምጣ። ለእያንዳንዱ ማሽን በደቂቃ 10 ሊትር ውሃ ቢሰጡት፣ ለአራቱ 40 ሊትር መሆኑ ነው፤ ውሃው በማሽኖቹ ውስጥ ሲያልፍ 7.7 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ወደ ማሽኑ የሚገባው ውሃ ከ45 ዲግሪ እንዳያልፍ ከፈለጉ፣ ወደ ራዲያተሩ የሚመለሰው 52.7 ይሆናል። አየሩ 35 ከሆነ በእጅዎ ያለው ልዩነት 17.7 ዲግሪ ብቻ ነው። ያ 60 የተባለው ራዲያተር 17.7 ኪሎዋት ሆነ ማለት ነው። 21.4 ማውጣት አለበት፤ አልቻለም።

ታዲያ ማሽኑ ወዲያው ይጠፋል ማለት አይደለም። ውሃው ልዩነቱ 21.4 ዲግሪ እስኪደርስ ይሞቅና እዚያ ይረጋል፤ ወደ ማሽኑ የሚገባው ውሃ 49 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። የእነዚህ ማሽኖች ጣሪያ 50 ነው። ይህም ራዲያተሩ ንጹሕ ሆኖ፣ አየሩ 35 ላይ ቆሞ፣ ፓምፑም ሆነ ፋኑ የመኪናውን ያህል እየሠራ ነው ብለን ነው። የመኪናው ራዲያተር ግን ያንን ቁጥር ያገኘው በሞተር ጉልበት በሚዞር ትልቅ ፋንና ከእርስዎ ፓምፕ ብዙ እጥፍ በሚገፋ ፓምፕ ነው። ሁለቱንም ሲያጣ ከዚያም ይወርዳል።

ስለዚህ የሚገዙት በአንድ ዲግሪ ቢያንስ 1.2 ኪሎዋት የሚያወጣ መሆን አለበት፤ ለአቧራና ለእርጅና ሩብ ያህል ጨምረው 1.5 ይበሉት። በመኪናው መለያ አነጋገር 90 ኪሎዋት ማለት ነው። ቦታዎ ከፍተኛ ከሆነ አሁንም ይጨምሩ። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር 18 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ውሃው ላይ ግላይኮል (ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው ፈሳሽ) የሚቀላቅሉ ከሆነም ለሻጩ ይንገሩት። እኩል በእኩል የተቀላቀለ ከሆነ ያ 7.7 ዲግሪ ወደ 9 ይጠጋል፤ ስለሚወፍርም ፓምፑን ይከብደዋል። በረዶ የማይሠራ ቦታ ላይ እስከ 50 በመቶ መቀላቀል ትርፉ ድካም ነው፤ ዝገት የሚከላከለው ኬሚካል ግን አይቅር።

ትልቅ ይግዙ የምልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የፋን ፍጥነት ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሚበላው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ራዲያተሩ ሰፊ ከሆነ ፋኖቹን ዓመቱን ሙሉ በዝግታ ማስኬድ ይችላሉ። ኤሌክትሪክን ወደ ገንዘብ በሚቀይር ሥራ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጫጫታውም ይቀንሳል።

አሮጌነቱን ደግሞ አልወደድኩትም። ማይነሩ ውስጥ ቺፖቹን የሚያቀዘቅዘው ሳህን መተላለፊያው ጠባብ ነው። ከመኪና የወጣ ራዲያተር ውስጥ ምን እንደተጋገረ ከውጭ አይታይም፤ ተፈርፍሮ ሲሄድ ግን የሚያርፈው እዚያ ጠባቡ ጋ ነው። አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ከማሽኖቹ በፊት ማጣሪያ ሳይገባ ውሃ አይልቀቁ። የሳህኑንና የራዲያተሩን ብረትም ያመሳክሩ። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ በዝገት እየተበላ ይሄዳል፤ ኬሚካል ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ከመክፈልዎ በፊት የክንፎቹን፣ ማለትም በራዲያተሩ ቱቦዎች መካከል ያሉትን ስስ ብረቶች፣ ጥቅጥቅነት ይዩ። በአንድ ኢንች ላይ ይቁጠሯቸው። ከ8 እስከ 10 ከሆኑ አቧራ ያሳልፋሉ፣ ለማጠብም ይመቻሉ። 18 ወይም 20 ከሆኑ ካታሎጉ ላይ ያምራሉ፤ አቧራማ ቦታ ላይ ግን ብዙ ሳይቆዩ ይደፈናሉ። ሲያጥቡ አየር ከሚወጣበት በኩል ወደሚገባበት፣ በቀስታ ውሃ ይጠቡ። የመኪና ማጠቢያ ኃይለኛ ውሃ ክንፎቹን አጥፎ ያስተኛቸዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ ሁለት አዳዲስ ራዲያተሮች አሉ፤ በሂሳብ ከበቂ በላይ ናቸው። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ ውሃው ይግልብኛል። በቱቦ ውሃ ስረጭባቸው ይወርዳል። ሦስተኛ ልጨምር ወይስ መርጨቱን ልቀጥል?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ፣ እህቴ፤ መጀመሪያ ቴርሞሜትር ይያዙ። አንዱን ልክ አየር ወደ ራዲያተሩ በሚገባበት ፊት ላይ፣ ሌላውን ከዚያ ራቅ ብሎ ጥላ ውስጥ ይስቀሉ። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ዲግሪ ከሆነ መልካም ነው። 6 ወይም 7 ከሆነ ራዲያተሮቹ የተፉትን አየር መልሰው እየሳቡ ነው። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ውሃውም በአንድ ዲግሪ ስለሚሞቅ፣ ሦስተኛ ቢጨምሩ ያንኑ ሙቅ አየር የሚስብ ሌላ አፍ ነው የሚሆነው።

የት በኩል እንደሚመለስ ለማወቅ ቁራጭ ሶፍት በክር አስረው በራዲያተሩ ዙሪያ ጠርዝ ለጠርዝ ያዙሩት። ወደ ውጭ መብረር ሲገባው ወደ ውስጥ የታጠፈበት ጥግ መዝጊያ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በፋኑና በራዲያተሩ መካከል ያለ ክፍተት፣ ወይም ፊት ለፊት ተጠግቶ የቆመ ግድግዳ ነው። ቆርቆሮ ይበቃዋል።

መርጨቱ መሥራቱን አልክድም። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን የቧንቧ ውሃ ሲተን ኖራው ክንፉ ላይ ይቀራል፤ ያ ነጭ ቅርፊት ሙቀት አያሳልፍም፣ በውሃም አይታጠብም። መርጨት ካስፈለገ ከራዲያተሩ ፊት ራቅ ብሎ የሚቆም እርጥብ ፓድ ያድርጉ፤ ኖራው ፓዱ ላይ ይቅር፣ እሱ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ማሽኖቼን ዘይት ውስጥ ነክሬ ነው የማሠራው። ዘይቱን በቀጥታ ወደ መኪና ራዲያተር ብልከውስ?

መልስ፦ የሚሠሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ዘይት በኪሎ የሚሸከመው ሙቀት የውሃን ግማሽ ያህል ነው፤ ስለሚወፍርም በቀጫጭኖቹ የራዲያተር ቱቦዎች ውስጥ በቀስታ እየተጎተተ ያልፋል። መሐል ላይ ፕሌት ሙቀት መለዋወጫ ያስገቡ፤ ዘይቱ በአንድ ወገን፣ ውሃው በሌላው ይሂድ፤ ራዲያተሩ ውሃውን ብቻ ያግኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የመኪና ራዲያተር ጎማዎች ብዙውን ጊዜ ኢፒዲኤም የሚባለው ዓይነት ናቸው። ለውሃና ለግላይኮል ጥሩ ናቸው፤ ዘይት ሲነካቸው ግን ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ከዚያ ከመያዣው ይሾልካሉ። በዘይቱ ወገን ያለው ጎማ ሁሉ ናይትራይል ወይም ቫይተን ይሁን።