ለአራቱም አንድ «ይከበራል» ይበቃል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኅዳር 12 ቀን ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። አቅራቢዋ «ዛሬ ኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር ሲታጠን፣ የዓለም የቴሌቪዥን ቀንና የዓለም የሰላምታ ቀን በደማቅ ሁኔታ ይከበራሉ» አለች። ጆሮዬን ቆረቆረኝ፤ ምኑ እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም። ደግሞስ «ኅዳር ሲታጠን» ራሱ ምን ዓይነት ስም ነው? ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል። ሲታጠን ምን ሆነ? (አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጆሮዎ ልክ ነው። አራት ነገር በአንድ ቀን መዋሉ አይደለም ችግሩ። የእኛ የቀን መቁጠሪያ ከጥንትም የተጨናነቀ ነው። ሰኔ 12ን ይውሰዱ፤ ሚካኤልም ነው፣ የቅዱስ ላሊበላ ዕረፍትም ነው። ማንም ግራ ሲጋባ አላየሁም። የቆረቆረዎት አቅራቢዋ አራቱንም በአንድ ግሥ ላይ መጫኗ ነው። አማርኛ ለየዓይነቱ የራሱ ግሥ አለው።

ከሚካኤል እንጀምር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ኅዳር 12 ሚካኤል የተሾመበት፣ እስራኤልንም በምድረ በዳ የመራበት መታሰቢያ ነው። በየወሩ ከሚውለው ሚካኤል ይህና የሰኔው ይልቃሉ። እሱን «ይከበራል» ብንል ማንም አይከራከረንም። ታቦት የሚወጣበት ስለሆነ «ይነግሣል»ም ይባላል። ሰፈር ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ግሥ አያስፈልግም፤ «ዛሬ ሚካኤል ነው» ይበቃል። የመልአኩ ስም የቀኑ ስም ሆኗል። «ብሩን ለሚካኤል እሰጥሃለሁ» ያለ ሰው መልአኩን ዋስ መጥራቱ አይደለም፤ በ12 እከፍላለሁ ማለቱ ነው። ይክፈል አይክፈል ሌላ ጉዳይ ነው።

«ዘከረ» የሚባለውም ግሥ አለ። «እማማ ሚካኤልን ይዘክራሉ» ከተባለ ጠላ ተጠምቋል፣ ዳቦ ተደፍቷል፣ ጎረቤትና ችግረኛ ተጠርቷል ማለት ነው። ጋዜጦች ይህን ግሥ ወስደው ለማንኛውም መታሰቢያ ያውሉታል። ስሕተት ነው አልልም፤ በግእዙ ማሰብ፣ ማስታወስ ነውና። ግን «የቴሌቪዥን ቀን ይዘከራል» ቢባል እንደኔ ዓይነቱ አድማጭ «ጠላው የታለ?» ማለቱ አይቀርም።

በዓል የሆነውን ካልሆነው የምለይባት አንዲት ቀላል መፈተኛ አለችኝ። ከፊቱ «እንኳን»፣ ከኋላው «አደረሰዎ» ያድርጉበት። «እንኳን ለኅዳር ሚካኤል አደረሰዎ» ይሄዳል። «እንኳን ለዓለም የቴሌቪዥን ቀን አደረሰዎ» ግን ያስቃል። «እንኳን ለኅዳር ሲታጠን አደረሰዎ» ሲባልም ሰምቼ አላውቅም። «አደረሰ» የሚባለው ሰው ልድረስበት ብሎ ለሚመኘው ቀን ነው። ጭስ ሊታፈንበት የሚመኝ የለም። ከአራቱ መፈተኛውን ያለፈው አንዱ ብቻ ነው፤ «በደማቅ ሁኔታ»ም የሚገባው ለሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኅዳር ሲታጠን ልምጣ፤ ጣፋጩ ጥያቄ እሱ ነው።

መነሻውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ክፉኛ መታ። በከተማዋ ብቻ የሞተውን ሰው እስከ 10 ሺህ የሚያደርሱ ግምቶች አሉ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ሕዝቡ ደዌውን በወሩ ጠርቶ «የኅዳር በሽታ» አለው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻን ጠርጎ፣ ከምሮ ማጨስ ከዚያ ወዲህ የመጣ ልማድ እንደሆነ ይነገራል።

ያን ዕለት ከቤቱ ወጣ ያለ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። ከየበሩ የተጠረገው አንድ ላይ ይከመራል፤ የረገፈ ቅጠል፣ የሸንኮራ ልጣጭ፣ ያለቀ መጥረጊያ፣ የተቀደደ ኬሻ፣ ጓደኛው የጠፋ ነጠላ ጫማ። ክብሪት ይጫራል። ልጆች በእንጨት ይቆሰቁሱታል፤ እናቶች «ራቅ በሉ!» ይላሉ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ጭስ በጭስ ይሆናል። አሁን አሁን ክምሩ ውስጥ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ በዝቷል። የሱ ጭስ በሽታ ያመጣ እንደሆን እንጂ አያባርርም፤ እሱን መልቀም ነው የሚሻለው።

ቃሉን ደግሞ ልብ ይበሉ። ይህን ሁሉ የሚያየው ዓይን «ተቃጠለ» ነው የሚለው። ስሙ ግን «ታጠነ» አለ። አማርኛ ቆሻሻን «አጠንኩት» አይልም። የሚታጠነው ቤት ነው፤ የጠላ ጋን ነው በወይራ፤ ሙሽራ ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ካህኑ ጽናውን ይዞ ያጥናል። እንግዲህ በዚያ ቀን ቄሱ ውስጥ ያጥናሉ፣ ሰፈርተኛው ውጭ ያጥናል። ግሡ አንድ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ስለሚቃጠለው ነገር አልተናገረም፤ እንዲነጻ ስለተፈለገው ነገር ነው የተናገረው። ሁለቱን የቀኑን መልኮች ካገናኘ አይቀር «ይከበራሉ» ሳይሆን ይህ ግሥ ነው የሚያገናኛቸው።

ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም ያሉትም እውነት ነው። በሰዋስው ስናየው «ሲ» ያለበት ግሥ ብቻውን አይቆምም፤ ዋና ግሥ ይጠብቃል። «ኅዳር ሲታጠን ያስለኛል» ቢባል ሙሉ ይሆናል። ነገር ግን አማርኛ ጊዜን በግማሽ ዓረፍተ ነገር መጥራት ይወዳል። «መስከረም ሲጠባ» እንላለን። «ክረምት ሲገባ»፣ «ጾም ሲፈታ» እንላለን። ዋናውን ነገር አድማጩ ይሞላዋል።

ኅዳር ሲታጠን ግን ከነዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ሄዷል። ይህችን ያወዳድሩልኝ። «መስከረም ሲጠባ መጣ» ብልዎት፣ ማን ነው የመጣው? አንድ ሰው ነው፤ የመጣበት ጊዜ ደግሞ መስከረም ሲጠባ ነው። «ኅዳር ሲታጠን መጣ» ብልዎትስ? እዚህ ላይ የመጣው ራሱ ኅዳር ሲታጠን ሊሆን ይችላል፤ ልክ «ፋሲካ መጣ» እንደማለት። ግማሹ ዓረፍተ ነገር ስም ሆኖ ባለቤት ቦታ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። «የኅዳር ሲታጠን ጭስ»፣ «ለኅዳር ሲታጠን የጠራረግነው» ስንልም እንደማንኛውም ስም «የ»ንና «ለ»ን ይቀበላል።

ሙሉ ስም ሆኗል ግን ማለት አይቻልም። «በዓሉ»፣ «ቀኑ» እንደምንለው «ኅዳር ሲታጠኑ» ብንል ነገሩ ይበላሻል፤ አንድ ኅዳር የሚባሉ አዛውንት እየታጠኑ ያሉ ይመስላል። «ኦች» ጨምሮ ማብዛትማ ጭራሽ አይሞከርም። ከፊት ስም ነው፣ ከኋላ አሁንም ግሥ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ብርቅ አይደለም፤ ስንሻውንና ስንታየሁን ያስቡ። ሁለቱም ውስጥ ግሥ አለ፤ ሁለቱም መታወቂያ ላይ ሰፍረዋል።

«የሚታጠነው ማን ነው?» ለሚል አንዳንዶች «ኅዳር» እዚህ ጋ በሽታውን ነው የሚወክለው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «በኅዳር፣ ሰፈሩ ሲታጠን» ለማለት ነው፤ «ሰፈሩ» የሚለው ቃል ተውጦ ነው ይላሉ። እኔ ወሩ ራሱ ነው ባይ ነኝ። መስከረም ራሱ ይጠባል፤ ኅዳርም ራሱ ይታጠናል። «ኅዳርን እናጥን» ሲባልም ይሰማል፤ እዚያ ላይ ወሩ ተሳቢ ሆኖ በግልጽ ተቀምጧል። ስለዚህ ግሡን ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም። ስሙ ውስጥ አለ። «ዛሬ ኅዳር ይታጠናል» ማለት ነው፤ በቃ።

የተቀሩት ሁለቱ ቶሎ ያልቃሉ። የቴሌቪዥኑን ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው የወሰነው። የሰላምታው ቀን በግብፅና በእስራኤል ጦርነት ሰበብ በ1973 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ሐሳቡ ጠብን በጥይት ከመፍታት በንግግር መፍታት ይሻላል ነው። ደንቡ በዚያ ቀን ቢያንስ አሥር ሰው ሰላም ማለት ነው። ለእኛ አሥር ሰው ከበር እስከ ሱቅ ነው፤ «እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና» ተጨምሮበት ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለነዚህ ዓይነቶቹ አማርኛ ያዘጋጀው «ታስቦ ይውላል» ነው። ባለቤታቸውም «በዓል» ሳይሆን «ቀን» ነው፤ አቅራቢዋም ይህን አልሳተችም። ጠዋት «ይውላል»፣ ማታ «ዋለ» ማለት ብቻ አይርሱ። አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰዓት ተሰብስበው ሻይ ጠጥተው የተበተኑበትን «ታስቦ ዋለ» የሚሉ ዜናዎችን ግን ቅር እያለኝ ነው የምሰማቸው። መዋል እኮ ቀን ሙሉ ነው።

በነገራችን ላይ እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ ኅዳር 12 ላይ አይውሉም። የፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 በሦስቱ ወንጌላውያን ዘመን ኅዳር 12 ነው። ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ አንድ ቀን ይንሸራተትና ኅዳር 11 ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር። ያን ዓመት ቴሌቪዥኑ ለሚካኤል ዋዜማ ሆነ ማለት ነው። አቅራቢ «ዘንድሮ በአንድ ቀን ዋሉ» ብትል ከአራቱ ሦስቱን ዓመት አትሳሳትም።

«ይከበራል»ን ያለቦታው መዝራት ከሚያስቀው ይልቅ የሚያምበት ጊዜ አለ። ስለሱ አንድ ቃል ልበል። የካቲት 12 ወርኃዊ ሚካኤል ነው፤ ባለማኅበሮቹ ጽዋ ይጠጣሉ። ያው ቀን የሰማዕታት ቀን ነው። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ግቢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ፋሺስቶቹም አዲስ አበባን ለተከታታይ ቀናት ጨፈጨፉ። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን የሚቀመጠው ለዚያ ነው። ይህን «በደማቅ ሁኔታ ተከበረ» የሚል ዜና በየዓመቱ አይጠፋም። መፈተኛዋን ይሞክሩበት፤ «እንኳን ለሰማዕታት ቀን አደረሰዎ» ማን አፉን ሞልቶ ይላል? «ታስቦ ዋለ» ነው፤ «በደማቅ» መቅረት አለበት። ሚያዝያ 27ን ደግሞ ይዩ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በዚያ ቀን ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡትም በዚያው ቀን ነው። እሱ ግን ድል ነውና «የአርበኞች የድል በዓል ይከበራል» ቢሉ አገሩ ሁሉ ይስማማል።

አቅራቢዋ እኔን ብትጠይቀኝ ዓረፍተ ነገሯን እንዲህ አድርጌ እሰጣት ነበር፦ «ዛሬ ኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል በዓል ይከበራል፤ ኅዳርም ይታጠናል፤ የዓለም የቴሌቪዥን ቀንና የሰላምታ ቀንም ታስበው ይውላሉ።» ረዘመብኝ፣ ማስታወቂያ እየጠበቀ ነው ካለች አራቱንም ያለ ጭቅጭቅ የሚሸከም አንድ ግሥ አለ፤ «ዛሬ በአንድ ቀን ይውላሉ» ትበል። ደብዳቤዎ ውስጥ «ህዳር» ብለው የጻፉትን ጥያቄዎን ስገለብጥ «ኅዳር» አድርጌዋለሁ፤ ከግእዙ «ኀደረ» ጋር ስለሚሄድ ነው። የእኔው «ህ» ይቆይልኝ ካሉኝ ግን አልጣላዎትም።